የጎደለችው ብሎን

የመግሪብ ሰላት ተሰግዶ ነጋዴዎቹ ወደየሱቃቸው ሲመለሱ ሰላሃዲንን ከባንኮኒው ሥር ወድቆ አገኙት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መጀመሪያ የገባው ጎረቤቱ የህያ ረግጦት ሊያልፍ ምንም አልቀረው። በሞባይሉ ብርሃን ሲያየው አንገቱ ላይ ካቻቢቴ ተሰክቷል። የገዛ ራሱ ካቻቢቴ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ያረጁ ላፕቶፖች ሲፈታበትና ሲገጥምበት የኖረው።

ኢንስፔክተር ገመቺስ ከቡራዩ ጣቢያ በእግሩ ደረሰ። በምርመራ ሥራ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። አንድ የማይለቀው ልማድ አለው፤ ሟቹን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ሬሳ የትም አይሄድም፣ ዕቃ ግን ይነካካል ይላል። ስለዚህ የእጅ መብራቱን መጀመሪያ ያበራው ባንኮኒው ላይ ነበር።

ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ጥቁር፣ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ሌላው ብርማና ሳሳ ያለ። ሁለቱም ውጭ አገር ቢሮ ለቢሮ አገልግለው ጡረታ ሲወጡ በዱባይ በኩል ወደኛ የሚመጡት፣ ነጋዴው “ስላይትሊ ዩዝድ”፣ ትንሽ ብቻ የተሠራበት፣ እያለ የሚያሞካሻቸው ዓይነት ናቸው። በደንበኛ በኩል ወንበር ተስቧል፤ ግማሹ የተጠጣ ሻይ አጠገቡ አለ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ከሁለት አሮጌ ላፕቶፖች የትኛው ይሻለኛል እያለ ሲመርጥ ነበር ማለት ነው። መሳቢያው አልተነካም። ስልኮቹም እንደተደረደሩ ናቸው።

ጥቁሩ እንደ ወጉ ተከፍቶ ቆሟል። ብርማው ግን በጀርባው ተገልብጧል። ገመቺስ አጎንብሶ ማጠፊያውን አየ። ክዳኑን ከገላው ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች አንዷ የለችም፤ ቀዳዳው ባዶውን ያፈጣል። ወለሉን በመብራቱ አበጠረው። ሰላሃዲን ብሎኖቹን በየዓይነታቸው ለይቶ በለስላሳ ቆርኪ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሥርዓተኛ ሰው ነበር፤ ቆርኪዎቹንም አንድ በአንድ አያቸው። ለዚያ ቀዳዳ የምትሆን ብሎን የለችም።

ምክትሉ ሳጅን ሙሉዬ ምን እየፈለጉ ነው ብላ ጠየቀችው።

“ብሎን።”

የሚቀልድ መስሏት ነበር።

“ሰው ገድሎ መሳቢያ ሳይነካ ብሎን ይዞ የሚሄድ ሌባ አይቼ አላውቅም” አላት። ከዚያ ነው ወደ ሰላሃዲን የዞረው።

የህያ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ መስጊድ ሲሄዱ ሰላሃዲን “ደንበኛ አለብኝ፣ እደርስባችኋለሁ” እንዳለው፣ ደንበኛው ማን እንደነበር ግን እንዳላየ ተናገረ። ሌላ የጨመረው ነገር አልነበረም። ላቡን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ገመቺስ አይቶታል፤ ግን ጓደኛው የተገደለበት ሰው ቢያልበው ምን ይገርማል ብሎ አለፈው።

በማግስቱ ሙሉዬ ሱሩርን አሰረችው። ሱሩር የሟቹ ሚስት የረምዚያ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሰላሃዲን ጋር በሽርክና ይሠሩ ነበር። ግድያው በተፈጸመበት ቀን ከቀትር በኋላ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሱሩር ሽርክናው ይፍረስ፣ ሰበታ የራሴን ሱቅ ልክፈት ሲል፣ ሰላሃዲን ደግሞ ገና ክንፍህ ሳይጠና ይለዋል። በመግሪብ ሰዓት የት ነበርክ ሲባል፣ ሰበታ የሚከራይ ሱቅ ሳይ አለ። ሙሉዬ ለሱቁ ባለቤት ደወለች። ሰውየው በዚያ ቀን ማንም አልመጣም አላት።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሱሩር ካቴና ከገባ በኋላ ድሮ አስተያየቱ ራሱ አያምርም ነበር የማይል ነጋዴ ጠፋ። ከካቻቢቴው የተነሳው አሻራ ለምርመራ ተልኮ መልሱ ገና አልመጣም፤ ሰፈሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል።

ከቀብሩ በኋላ ረምዚያ ጣቢያ መጣች። ገመቺስ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። የሞተው ባሏ፣ ገደለ የተባለው ወንድሟ ሆኖባት፣ ሐዘኗ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የጠፋባት ሴት ነበረች። የባሏ ወንድሞች የገዳይ እህት ብለው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ እንደማይቀመጡ ነገረችው። ልጆቿንም ወደ አያቶቻቸው ወስደዋቸዋል።

“ጠዋት ጠዋት ለሱሩር ምግብ እቋጥራለሁ” አለች። “እስከ አስፋልቱ እሄድና እመለሳለሁ። ገድሎት ከሆነ እንዴት አበላዋለሁ? ካልገደለው ደግሞ እንዴት አስርበዋለሁ? ኦቦ ገመቺስ፣ አንዱን ይንገሩኝ። ነው ይበሉኝ ወይም አይደለም ይበሉኝ። ሌላ አልፈልግም።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሊላት ነበር። አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ይህን ተረት ስንት ሐዘንተኛ ፊት ተናግሮት እንደነበርና ስንቱ ላይ ሳይነጋ እንደቀረ ራሱ ያውቃል።

እስር ክፍሉ ውስጥ ሱሩር ሌሎች እስረኞች ካካፈሉት እንጀራ ይጎርሳል። ገመቺስን ሲያይ የጠየቀው ስለ ጉዳዩ አልነበረም።

“እህቴ አልመጣችም?”

“አልመጣችም።”

ልጁ አቀረቀረ። ገመቺስ አጠገቡ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ሱሩር ተናገረ። ሱቅ ሊያይ አልሄደም። ሰበታ ሬሐና የምትባል ሴት አለች፤ ፈት ናት፣ ልጆች አሏት፤ ሊያገባት ይፈልጋል፣ ለረምዚያ ግን አልነገራትም። ሰበታ ሱቅ የፈለገውም ለዚሁ ነበር።

ገመቺስ ሰበታ ወርዶ ሬሐናን አገኛት። በር ላይ የልጆች ልብስ የምትሸጥ፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ሱሩር ያን ዕለት ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ እሷ ቤት ነበር። ለእህትህ ንገራት ባለችው ቁጥር ጊዜ ስጪኝ ይላት እንደነበር ጨምራ ነገረችው። “ጊዜ ሰጠሁት፣ ይኸው” አለች።

ገመቺስ አመናት። ሙሉዬ አላመነችም።

“የምትወደው ሴት ምን ትበል ታዲያ?” አለችው። “ይህን ቃል ዳኛ ፊት ይዤ ብቀርብ ይስቁብኛል።”

ልክ ነበረች። የተወደደ ሰው ምስክር የለውም፤ የሚወዱት ሁሉ ይዋሹለታል ተብሎ ይጠረጠራሉ። ሱሩር እዚያው ቆየ።

ገመቺስ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ቁልፉን ከረምዚያ ተቀብሎ ብቻውን ገባና ደንበኛው የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን ላፕቶፖች ፊቱ አድርጎ እንደ ገዢ አያቸው። ጥቁሩ ጠንካራ ነው፣ ባትሪው ይቆያል፤ ግን ሲሸከሙት ትከሻ ይቆርጣል። ብርማው ቀላል ነው፣ ስክሪኑም ይሻላል፤ ግን የሰው እጅ ብዙ ነክቶታል። የትኛውን እንደሚመርጥ አላወቀም። በሕይወቱ ብዙውን ነገር ሳይመርጥ ነው የተቀበለው።

ከዚያ፣ እንዲያው እጁ ሥራ ስላጣ፣ ዕቃዎቹን ወደ መደርደሪያቸው ልመልስ አለ። ጥቁሩን አንሥቶ መስታወቱ ውስጥ ቦታውን አገኘለት። ብርማውን አነሣ። ቦታ የለውም። መደርደሪያው ከጫፍ ጫፍ ሞልቷል፤ ሰላሃዲን ደግሞ የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ የሚያውቅ ሰው ነበር። ገመቺስ ብርማውን በብብቱ እንደያዘ ቆመ። ይህ ዕቃ የዚህ ሱቅ አይደለም።

ወጥቶ ወደ የህያ ሱቅ ሄደ። ከመግባቱ በፊት በመስታወቱ አየ። ከተደረደሩት ላፕቶፖች መካከል አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ አቧራው ዙሪያውን ቀርቶ መሃሉ ንጹሕ ነው። ገባና ብርማውን እዚያ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ።

የህያ ተነሥቶ ቆመና ተመልሶ ተቀመጠ።

“ያንተ ነው” አለ ገመቺስ።

“የኔ ነው።”

“ለምን አልተናገርክም?”

የህያ ቀስ በቀስ አወጣው። እነሱ ጋ ደንብ አለ። አንዱ ደንበኛ ይዞ ዕቃ ሲጎድለው ከጎረቤቱ ያመጣል፤ ከተሸጠ በኋላ ይተሳሰባሉ። ለደንበኛው ግን የጎረቤት ነው አይባልም፤ እንደዚያ ከተባለ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። የራሴ ነው፣ ራሴ ያስመጣሁት ነው ይባላል። ያን ቀን ሰላሃዲን መጥቶ “ሰውየው ጥቁሩ ይከብዳል አለኝ፣ ቀለል ያለ ስጠኝ” ብሎ ብርማውን ወሰደ። የህያ ወደ ሰላት ሄደ። ሲመለስ የሆነው ሆኗል። ብርማውን የገዛው ከመንገደኛ ነበር፤ የተሰረቀ ነው ተብሎ ግድያው በኔ ይላከካል ብሎ ፈራ።

“ሱሩር በዚህ ምክንያት ታስሯል።”

“አውቃለሁ” አለ የህያ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። “በየሰላቱ አውቃለሁ።”

ገመቺስ የጎደለችውን ብሎን ጠየቀው። የህያ ወዲያው አስታወሳት። ሌሎቹ ጥቁር ናቸው፤ እሷ ግን ቢጫ ነበረች፤ ከናስ በእጅ ተሞርዳ የተሠራች፣ ከፋብሪካ የማትወጣ። የሸጠለት ወጣት ፈርሞ ሲያስረክብ በጣቱ እየነካካት አባቴ ነው የሠራልኝ ብሎታል። የህያ ከማያውቀው ሰው ዕቃ ሲገዛ ሻጩን ዕቃውን አስይዞ ፎቶ ያነሣል፤ ነገ ሌባ ቢሉት ማስረጃ ይሆነዋል። ስልኩን ከፍቶ አሳየው። ቀጭን ወጣት ብርማውን ላፕቶፕ ደረቱ ላይ ታቅፎ ይስቃል። በመተማ በኩል ልወጣ ነው፣ ለማንም እንዳትነግር ብሎት ነበር። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል።

ገመቺስ ፎቶውን ወደ ራሱ ስልክ አስላከ። ብሎኗን ይዞ የሄደው ሰው ብሎኗን የሚያውቃት ሰው ነው። ብሎኗን ደግሞ ከሠራት በላይ የሚያውቃት የለም።

ጣቢያ ሲደርስ ፎቶውን ለሙሉዬ አሳያት። አየችውና ክንዱን ይዛ ወደ ግቢው በር ወሰደችው። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፀሐይ ያነጣው ወረቀት ተለጥፏል። አፋልጉኝ ይላል። ያው ፊት ነው። ኪሩቤል ጌታቸው፣ ከሱሉልታ፣ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ ከቤቱ እንደወጣ ያልተመለሰ። ከሥሩ የአባቱ ስልክ አለ። ሁለቱ መኮንኖች በዚያ ሰሌዳ በኩል ስንት ጊዜ ገብተው ስንት ጊዜ እንደወጡ አንዳቸውም ማሰብ አልፈለጉም።

“ማል ጎና?” አለ ገመቺስ በአፍ መፍቻው። ምን እናድርግ ማለቱ ነው።

ሱሉልታ ሲደርሱ ብርዱ የባሕር ዛፉን ቅጠል ያስጮኸዋል። በሩን የከፈተችላቸው ሐኒ ናት፤ የኪሩቤል እህት። ፖሊስ መሆናቸውን ስታውቅ ፊቷ በራ።

“ወንድሜ ተገኘ?”

ገመቺስ አባትሽን ነው የምንፈልገው አላት። እየመራቻቸው ሳለ፣ ሰው የጨነቀው ጊዜ እንደሚያደርገው፣ ያልተጠየቀችውን አወራች። አባቷ መምህር ጌታቸው በቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተዋል። እሷ የሒሳብ ሥራ ስለጀመረች ላፕቶፕ ያስፈልጋታል፤ ቡራዩ አንድ ጥቁር አይታ ማጠፊያው ላላ ያለ ስለመሰላት እስቲ አንተ እየው ብላ ላከቻቸው። አንድም ደህና ዕቃ የለም ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይቀምሱም።

ሽማግሌው የሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሞረድና ጉጠት በሥርዓት ተሰቅሏል። ገመቺስ ብርማውን ላፕቶፕ ከቦርሳው አውጥቶ፣ ባዶው ቀዳዳ እንዲታይ አድርጎ ፊታቸው አስቀመጠው።

መምህር ጌታቸው ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተቱና አንዲት ቢጫ ብሎን አውጥተው ከላፕቶፑ ጎን አኖሯት።

“ይዤው ልሂድ ብዬ ነበር” አሉ ላፕቶፑን እያዩ። “እጄ አልታዘዘኝም። እሷ ግን መዳፌ ውስጥ ቀርታ ኖሯል። ያየኋት ቤት ስደርስ ነው።”

“ምን ሆነ፣ ጋሼ?”

“ጥቁሩ ለሐኒ ይከብዳታል አልኩት። ወጥቶ ይህን አመጣ። ማጠፊያውን ሳይ የገዛ እጄን ሥራ አየሁ። ዓይኔን አላመንኩም፤ ካቻቢቴውን ስጠኝ ብዬ ፈታኋት። ይህን ከየት አመጣኸው አልኩት። ‘የራሴ ነው ጋሼ፣ ከዱባይ በእጄ ያመጣሁት’ አለኝ። እየሳቀ። ደግሜ ጠየቅሁት። ‘አያስቡ፣ አገር ቤት ሰው እጅ አልገባም’ አለኝ። ልጄን ገድሎ ዕቃውን የሚሸጥልኝ መሰለኝ። ሬሳውን የት ጣልከው ብዬ ልጠይቀው ነበር። ሳልጠይቀው ሞተ።”

ሙሉዬ ፊቷን አዞረች።

ገመቺስ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቆመ። ባያሳያቸውስ? ሽማግሌው የልጃቸውን ደም የመለሱ መስሏቸው ቢታሰሩ ምናልባት ይቀላቸው ይሆናል። ግን ያኔ ሰላሃዲን መቃብሩ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹም የነፍሰ ገዳይ ልጆች ይሆናሉ። ከሁለቱ የሚሻል አልነበረም። ስልኩን አወጣ።

መምህር ጌታቸው ስልኩን እንደ ሽማግሌ ደንብ ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ልጃቸው ላፕቶፑን ታቅፎ ይስቃል።

“ማነው ያነሣው?”

“የገዛው ነጋዴ። የሟቹ ጎረቤት ነው። ኪሩቤል በገዛ ፈቃዱ ሸጦለት፣ በመተማ በኩል ልወጣ ነው ብሎት ሄዷል። ሟቹ ልጅዎን አይቶት አያውቅም። ላፕቶፑንም ያን ዕለት ነው ከጎረቤቱ የተዋሰው።”

ሽማግሌው ስልኩን አልመለሱም።

“ታዲያ ለምን የራሴ ነው አለኝ?”

“የነጋዴ ደንብ ነው። የጎረቤት ዕቃ ሲሸጥ እንደዚያ ነው የሚባለው።”

“ደንብ ነው” አሉ። ቃሉን እንደማያውቁት ብረት አገላበጡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ “በሕይወት አለ?” አሉ።

“አላውቅም፣ ጋሼ። ከመተማ ወዲያ የሰማ የለም።”

ሐኒ በሩን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታ ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው። አባቷ ሲነሡ ኮታቸውን ልታስተካክልላቸው ቀረበች፣ ግን እጇ ሳይነካቸው ተመለሰ።

በማግስቱ ሱሩር ተፈታ። ገመቺስ አስቀድሞ ሰው ልኮባት ስለነበር ረምዚያ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በእጇ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች፤ ከእሳት ገና መውረዱ ነው፣ ያተናል። ገመቺስ አይደለም አላት፣ እንደለመነችው። ከዚያ ማን እንደሆነና እንዴት እንደሆነ ነገራት።

“ባሌ ታዲያ ምን አደረገው?”

“ምንም። የጎረቤቱን ዕቃ የራሴ ነው አለ።”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።”

ሱሩር ወጣ። ከስቷል። እህቱን አየ፣ ሳህኑንም አየ። ረምዚያ ሳህኑን ዘረጋችለት።

“በልቻለሁ” አላት። “የማላውቃቸው ሰዎች ሲያበሉኝ ነው የከረምኩት።” በክፋት አልነበረም፤ ድካም ነበር ድምፁ ላይ ያለው። አልፏት ወደ ሰበታ ታክሲዎች ሄደ፤ ዞር ብሎም አላየም።

ረምዚያ ሳህኑን ይዛ ቆመች። የሚሄድበት ቤት የለውም ያ ምግብ፤ ባሏ የለም፣ ልጆቿ አያቶቻቸው ጋ ናቸው። በመጨረሻ ለሙሉዬ ሰጠቻት።

“እዚህ ካሉት ሰው ላልጠየቀው ስጡልኝ። ለሰላሃዲን ሶደቃ ይሁንለት።”

ሄደች። ሙሉዬ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ይዛ ገመቺስን አየችው። ያን ጠዋት ምግብ ያልመጣለት እስረኛ አንድ ብቻ ነበር። ማታ ከሱሉልታ ያመጡት ሽማግሌ ናቸው።

“ምን ላድርግ?” አለችው።

ገመቺስ ሰሌዳው ላይ የነጣውን ወረቀት ሊያነሣ እጁን ሰደደና፣ ልጁ ገና አለመገኘቱን አስታውሶ ተወው።